ለኑሩ ፒክአፕ የመረጥኳቸው ፑሽሮዶች

ባለፈው ወር ከመኪና ጥገና ክፍል ስንወጣ አንድ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ተከተለኝ። በስልኩ ላይ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ የሚሸጣቸው የሞተር ዘንጎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ ጥቁር አለ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅም አለ።

"መምህርት፣ ከእነዚህ ውስጥ በጣም ጥሩው የቱ ነው?" አለኝ።

"ለየትኛው ሞተር?"

"ለማንኛውም። ጠንካራው የቱ እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለግሁት።"

ልጁ ጎበዝ ነው። የአጎቱን አሮጌ መኪና ሞተር አሻሽሎ ጉልበት ሊጨምርለት ያስባል። እዚያው ቆሜ የሚያስፈልገውን ያህል አስረዳሁትና ተለያየን። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ስለ እሱ ሳይሆን በሃያ ሁለት ዓመቴ ስለነበርኩት ስለ እኔ ነው።

ፑሽሮድ የምንለው ዘንግ ዛሬ በማስተምርባት በሞጣ ከሚመላለሱት መኪኖች በብዙዎቹ ውስጥ የለም። በድሮዎቹ ሞተሮች ግን ካምሻፍት የሚባለው የሚሽከረከር ወፍራም ብረት ታች፣ አየርና ጭስ የሚያሳልፉት ቫልቮች ደግሞ ላይ ስለሆኑ የታችኛውን ግፊት ወደ ላይ የሚያደርሰው ይህ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ የብረት ዘንግ ነው። ላይ ሲደርስ ሮከር የሚባለውን ትንሽ ማንሻ ይገፋል፤ ሮከሩ ቫልቩን ይከፍታል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ቢቸና ውስጥ ጋራዥ ነበራቸው። ጋራዥ ስል ባለ ቆርቆሮ ክዳን መጠለያ ነው፤ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ አፈር። ሰው ሁሉ ጋሽ ታመነ ይላቸዋል። ሙያውን በወጣትነታቸው በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው የተማሩት። እኔ ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ቴክኒክ ተምሬ ስመለስ ዓይናቸውን ሞራ ጀምሯቸው ነበር። ትልቁን ነገር ያያሉ፣ የመለኪያውን ቁጥር ግን ማንበብ አይችሉም። ሞተርን የሚያውቁት በጆሯቸውና በጣታቸው ሆነ። ስለዚህ እኔ እለካለሁ፣ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ።

ባለመኪኖች ሲመጡ ግን አይተውኝ እንዳላዩኝ ያልፉና "ጋሽ ታመነ የሉም?" ይላሉ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኖ፣ መፍቻ ይዤ ፊታቸው ቆሜ ማለት ነው። "አሉ" እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ይህን ያህል የጎዳኝ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ግማሹ ምክንያት እሱ ነው።

ኑሩ የመጣው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐጂ ሰይድ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ኑሩ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ቢሆነው ነው። ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ የአሜሪካ ፒክአፕ ገዝቶ ወደ አገሩ ሲነዳ፣ የዓባይን በረሃ በሰላም ወጥቶ ደጀንን ካለፈ በኋላ ሜዳውን ሲያገኝ እግሩን ጫን አደረገው። ቢቸና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። በጭነት መኪና ተጎትቶ፣ በዝናብ ርሶ፣ ጭቃ ተለብጦ ደጃችን ደረሰ።

ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው። ከፍቼ ሳይ ከአሥራ ስድስቱ ፑሽሮዶች ሁለቱ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። አባቴ ቀርበው በጣታቸው ዳሰሱ፤ የቫልቮቹን ሞላ ጫን አድርገው ሞከሩ፤ የቴስታታውን ጠርዝ፣ ማለት ሞተሩን ከላይ የሚከድነውን ብረት፣ በአውራ ጣታቸው ተከተሉት።

"ይህን ሞተር ሰው ነካክቶታል" አሉ።

ኑሩ አልደበቀም። የቀድሞው ባለቤት በእሽቅድምድም የሚወዳደር ሰው ነበር። ሞተሩ እንዲበረታ ብሎ ቴስታታውን አስልጧል፣ ካምሻፍቱን ለውጧል፣ ሞላዎቹን በጠንካራ ሞላ ተክቷል። ፑሽሮዶቹ ግን ፋብሪካው ያወጣቸው ቀጫጭኖቹ ናቸው። ሰውዬው ሲሸጥ ለሞተሩ የተስማሙትን አውጥቶ ለራሱ አስቀርቶ የድሮዎቹን መልሶ ገጥሞለት ይሆናል፤ እንጃ። ብቻ ቴስታታው ተልጦ ስለሳሳ ዘንጎቹ ለቦታው ረዝመዋል፤ ሞላዎቹ ስለበረቱ ደግሞ ዘንጎቹ ደክመዋል።

ኑሩ የቸኮለበትን ምክንያት የነገረን ሻይ ስንጠጣ ነው። ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ የመኪና እሽቅድምድም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህን ነው። አባቱ ሐጂ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንድ ዓመት ሰጡት፤ አንዴ ይወዳደራል፣ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም መኪናውን ሸጦ ሱቅ ይገባል። ለምዝገባ መኪናው በመስከረም መጀመሪያ አዲስ አበባ ቀርቦ መታየት አለበት።

"ሁለት ነገር ነው የሚያስፈልገን፣ ትክክለኛ ርዝመትና ጥንካሬ" አልኳቸው አባቴን።

"ሁለት ብቻ መሆኑን በምን አወቅሽ?" አሉኝ።

የጎበጡትን ሁለት ዘንጎች ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩ። እሳቸውም አልገፉበትም። መኪናው ወደ ሞጣ ተጎትቶ እዚያው በኑሩ ቤት እንዲሠራ ተስማማን፤ ብረት የሚያቃና ቶርኖ ቤት ያለው ሞጣ ነበርና። ስነሣ አባቴ እንዲህ አሉኝ፤ "መጀመሪያ ርዝመቱን አግኚ። ስታገኚ፣ ምንም ሳታሠሪ ላኪብኝ። ወይ እመጣለሁ፣ ወይ አዲስ አበባ የማውቀው መለዋወጫ ነጋዴ ጋ እናስፈልጋለን።"

መንገዱ ያን ጊዜ አስፋልት አልነበረም። ከቢቸና ሞጣ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ሄድን። ፒክአፑ ከኋላ በሰንሰለት ታስሮ ይከተላል፤ ኑሩ መሪውን ይዞ በጭቃው ውስጥ ይዋኛል። የጤፉ ቡቃያ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነው። ጉሙ ሲገለጥ የጮቄ ተራራ ይታያል፣ ሲመለስ የፊታችን መንገድ እንኳ ይጠፋል።

የሐጂ ሰይድ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነበር። የኑሩ እናት እትዬ ዘሀራ አንዲት ክፍል ለቀቁልኝ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር እጾማለሁ። ይህን ሲሰሙ አንድም ቀን ሥጋና ቅቤ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝተው ለብቻው አስቀመጡልኝ። በዘጠኝ ሰዓት እጄን ስታጠብ ሽሮው፣ ድንቹ፣ ስልጆው ቀርቦ ይጠብቀኛል። "የኔ ልጅ፣ ብረት የሚያነሣ ሰው በዚህ ይጠግባል?" ይሉኝና ቆሎ በኪሴ ይጨምሩልኛል። ሰፈሩ ስለ እኔና ስለ ኑሩ የሚያወራው አልጠፋም። እኔና ኑሩ ግን የምናወራው ስለ ሞተር ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረንም።

ርዝመቱን ያገኘሁበት መንገድ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ከጎበጡት ዘንጎች አንዱን ከመሀሉ በመጋዝ ቆረጥኩት። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ነው። ለሥራዬ ተመቸኝ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ አወጣሁና ብሎን አስገባሁበት፤ ብሎኑን ሳዞር የሚረዝምና የሚያጥር መለኪያ ዘንግ ሆነልኝ። ቀዳዳው ለምን እንደተሠራ ግን አልጠየቅሁም። እንዲቀል ብለው ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ከሐጂ ሱቅ የማኅተም ቀለም አመጣሁና የቫልቩን አናት ቀባሁት። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጌ በእጄ ሳዞረው ሮከሩ ቀለሙን ይጠርገዋል፤ የጠረገበት መስመር ይታያል። ዘንጉ ሲረዝም መስመሩ ወደ አንዱ ጠርዝ ይሸሻል፣ ሲያጥር ወደ ሌላው። ብሎኑን ግማሽ ዙር አዞራለሁ፣ እንደገና እቀባለሁ፣ እንደገና አዞራለሁ። ኑሩ አጠገቤ ተቀምጦ ቀለሙን ይጠርግልኛል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መስመሩ ቀጥ ብሎ መሀል ላይ አረፈ፤ ስፋቱ ከጥፍር አይበልጥም። በካሊፐር ለካሁት፤ ጻፍኩት፤ ለማረጋገጥ በሌሎች ሦስት ቫልቮች ላይ ሞከርኩት። ልክ ነበር።

አባቴ ላኪብኝ ያሉት እዚህ ላይ ነው። ቴሌው ሩቅ አልነበረም። ቢቸና ደውዬ ጥሩልኝ ብል በማግስቱ አገኛቸው ነበር። አልደወልኩም። ኑሩ ቀን ይቆጥራል፤ ነጋዴው ጋ ከተላከ ሦስት ሳምንት ይሄዳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ይህን ሞተር ጋሽ ታመነ ሳይሆኑ እኔ ሠራሁት እንዲባል ፈልጌ ነው።

ቶርኖ ቤት ሄጄ ከከባድ መኪና ዕቃ የተረፈ ጠንካራ ብረት አስመረጥኩ። አሥራ ስድስት ዘንግ፣ ከድሮዎቹ ወፈር ያሉ፣ ድፍን፣ ርዝመታቸው እኔ እንደለካሁት። ባለሙያው ጥንቁቅ ሰው ነበር። "ድፍን ነው የምትፈልጊው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ድፍን ነው፣ እንዳይጎብጥ" አልኩት። በአራት ቀን አደረሰልኝ። እያንዳንዱን መስተዋት ላይ አንከባልዬ ቀጥ ማለቱን አየሁ። ገጠምኩ።

ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ የግቢውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። መንተፋተፍ የለ፣ መንኳኳት የለ። ኑሩ መሪውን ያዘና በዋናው መንገድ ወጥቶ ተመለሰ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው መንገዱን ለቆ ቆመ። ሐጂ ሰይድ የጨርቅ መለኪያቸውን እንደያዙ ከሱቁ ወጡና አዳመጡ። "ድምፁ ጥሩ ነው" አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ "ማን ሠራው?" ሲል ሰማሁ፤ ኑሩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውዬው ስሜን ጠየቀኝ። ስንዱ አልኩት። በሙያዬ ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለአባቴ ልናሳያቸው ወደ ቢቸና ተነሣን። ዝናቡ ረገብ ብሏል። የመንገዱን ግማሽ ያህል ሄደን ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አንድ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ወፍ ጫጩት። ኑሩ አልሰማውም። ቀጥሎ የሚቃጠል ብረት ሽታ መጣ። "አጥፋው" አልኩት።

ኮፈኑን ከፍቼ የሮከሮቹን ክዳን አነሣሁ። በዘይት ሊርስ የሚገባው ቦታ ሁሉ ደርቋል። ሮከሮቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነዋል፤ ግማሾቹ መቀመጫቸው ተበልቷል። ቆሜ ሳይ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልገባኝም። ዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ያ የቆረጥኩት መለኪያ ዘንግ ነበር። አነሣሁት። ሌላውን ያልተቆረጠውን የጎበጠ ዘንግም አነሣሁና በአንድ ጫፉ እፍ አልኩበት። ትንፋሼ በሌላው ጫፍ ወጥቶ መዳፌን ነካኝ። በዚያ ሞተር ዘይት ወደ ሮከሮቹ የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለም፤ የሚወጣው በፑሽሮዶቹ ውስጥ ነው። እኔ አሥራ ስድስቱንም ደፍኛቸዋለሁ።

ኑሩ መንገዱ ዳር ካሉት ገበሬዎች የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝቶ መጣ፤ አንዱን ሰጠኝ። "ምን ሆነ?" አለኝ። በቆሎውን ይዤ ቀረሁ።

በዚያው ቅጽበት አንድ ላንድሮቨር ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ቢቸና የሚሄድ አለ? አንድ ቦታ አለኝ" አለ። በማግስቱ ንጋት ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ይነሣል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው። ኑሩ ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ወደ እኔ ዞሮ "ዕቃ የሚፈለግ ከሆነ ልሂድ?" አለኝ።

"አያስፈልግም" አልኩት። "ሮከሮቹ ድሮም አርጅተው ነው። አባዬ ጋ መለዋወጫ አለ።"

አባቴ ጋ ለዚያ ሞተር የሚሆን አንድም ሮከር እንደሌለ አውቅ ነበር። ላንድሮቨሩ ሄደ። እኛ ጎታች ስንጠብቅ ዋልን፤ እትዬ ዘሀራ የሰጡኝ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እሱንም አልበላሁም።

ቢቸና የደረስነው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። አውቶቡሱ ሄዷል። ኑሩ ዘመዶቹ ቤት ልብሱን ሊለውጥ ሄደ። አባቴ ወንበራቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉና አንዱን ሮከር በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ እኔ ያሠራሁትን ዘንግ አወጡ። ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት። ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉበት፤ ትንፋሻቸው ተመለሰባቸው። ዘንጉን ጨርቅ ላይ አስቀመጡት።

"ርዝመቱን ግን አግኝተሻል" አሉኝ። "ልክ ነው።"

"አዎ።"

"ስለ ቀዳዳው ሳትሄጂ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ታውቂያለሽ ብዬ ነው።" እጃቸውን ጠረጉ። "ለኑሩ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም። ሮከሮቹ አርጅተው ነው አልኩት።"

"እንግዲያው ሂጂና መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ሞተሩ ይደርሳል።"

የኑሩ ዘመዶች ቤት አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ከደጃፉ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ገብቼ ስነግረው ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀዳዳውን አይቼ እንዳለፍኩት፣ አባቴ ምንም እንዳላሠራ ከልክለውኝ እንደነበር፣ መንገድ ላይ እንደዋሸሁት። ኑሩ እጁን እየታጠበ ነበር። ፎጣውን ያዘና ቆመ።

"ላንድሮቨሩ ሲቆም ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ዛሬ አዲስ አበባ ነበርኩ።"

"ነበርክ።"

ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጭነት መኪና ፈለገ፣ አላገኘም፤ አዲስ ዓመት ስለተቃረበ ሁሉም ወደ አገሩ የሚመለስ እንጂ የሚወጣ አልነበረም። ሦስት ቀን ጠብቆ በሚቀጥለው አውቶቡስ ሄደ። የጠየቅነውን ሮከርና ሦስት እስር ፑሽሮድ ይዞ ተመለሰ፤ ርዝመቱም ውፍረቱም ልክ የሆነ ስላላገኘ ያገኘውን ሁሉ ነው ያመጣው።

በዚያ ቀን የሆነውን ምርጫ አሁን ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራለሁ። ሦስቱን እስር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። አባቴ በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ እፍ እያሉ፣ መስተዋት ላይ እያንከባለሉ በጆሯቸው ያዳምጣሉ፤ የጎበጠ ካለ ሲንከባለል ያንኳኳል። እኔ እለካለሁ። የመጀመሪያው እስር ርዝመቱ ይስማማል ማለት ይቻላል፤ ግድግዳው ግን ስስ ስለሆነ እንደ በፊተኞቹ ይጎብጣል። ሁለተኛው ጠንካራና ክፍት ነው፤ ቴስታታው ውስጥ ባለው ማለፊያ ሳስገባው ግን ሞተሩ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታከካል። እሱን ብገጥም በአንድ ወር ውስጥ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ሦስተኛው ውፍረቱ መካከለኛ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ንጹሕ ነው። ርዝመቱ ግን ከለካሁት በጥቂት ሚሊሜትር ይበልጣል።

"ይህ ይረዝማል" አልኩ።

"የረዘመ ይቆረጣል" አሉ አባቴ። "የሳሳ ግን አይወፍርም።"

ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥን። ጫፉን አውጥቶ፣ ቧንቧውን አሳጥሮ፣ ጫፉን መልሶ በጥብቅ የሚገጥም ያ የሞጣው ቶርኖ ብቻ ነበር። ዘንጎቹን ይዤ ብቻዬን ሞጣ ሄድኩ። ባለሙያው ሲያየኝ ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ምን እንደሆነ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሥራውን ጀመረ። ሐጂ ሰይድን ሱቃቸው ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ የኑሩን ጉዳይ ከኑሩ ጋር ጨርሺ" አሉኝ፤ ሻይ አስመጡልኝ። ስመለስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የኑጉ አበባ ጀምሮ ነበር።

ሁሉንም ገጥመን ስናስነሣው የሮከሮቹን ክዳን ሳንዘጋ ቆምን። ዘይቱ በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ወጥቶ በሮከሩ ላይ እየሞላ ሲፈስ አየሁ፤ አሥራ ስድስቱንም አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አባቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ብዙ ጊዜ አዳመጡ። "አሁን ተኛ" አሉ፤ ድምፁ ተስተካከለ ሲሉ እንዲህ ነበር የሚሉት።

ኑሩ ወደ ደጀን በሚወስደው ሜዳ ላይ ነድቶት ተመለሰ። ወርዶ በሩን ዘጋ። ምዝገባው ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ሦስታችንም ስለምናውቅ ማንም አላነሣውም። አባቴን አመሰገናቸው። ለእኔ "በደህና ዋዪ" አለኝና ወደ ሞጣ ነዳው።

ሐጂ ሰይድ በቃላቸው የሚጸኑ ሰው ነበሩ፤ ኑሩም እንዲያራዝሙለት አልለመነም። ከመስቀል በኋላ ፒክአፑን ለአዲስ አበባ ሰው ሸጠው። ገዢው በሚቀጥለው ዓመት እንደተወዳደረበትና ሞተሩ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው እንደሄደ ሰማን። ስንተኛ እንደወጣ አልሰማንም።

አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለወጡ። ሰው መጥቶ "ጋሽ ታመነ" ሲላቸው "ሞተሩን ለስንዱ ንገሯት" ይሉት ጀመር። በጣም ገረመኝ። ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ ነው እንዴ የሚያምኑኝ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "በፊት መሳሳትን አትፈሪም ነበር፤ አሁን ትጠይቂያለሽ" አሉኝ።  ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ።

እኔ ሞጣ መጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ያ ቀን ሙሉ የሄድንበት ጉዞ አሁን በቁርስና በምሳ መካከል ያልቃል። ኑሩ የአባቱን ሱቅ ይዞ አለ። የተማሪዎቼን የሥራ ልብስ የማሰፋበትን ሰማያዊ ጨርቅ ከእሱ ነው የምገዛው። ስለ ልጆች እንጫወታለን፣ ስለ ዋጋ እንከራከራለን፤ ስለዚያ ክረምት ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ባዶ ነበር። ጨርቁን እየዘረጋ ሳለ ጠየቅሁት።

"ኑሩ፣ ያኔ ተቀይመኸኝ ነበር?"

ቀና አላለም። መለኪያውን ጨርቁ ላይ አስተካከለ።

"አዎ" አለ።

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"እስካገባ ድረስ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሥራ በዛብኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመና መቀሱን አንሥቶ፣ "በዘንጎቹ እኮ አልነበረም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። ጨርቁን ቆርጦ አጥፎ ሰጠኝ፤ የኔን ልጅ ጤንነት ጠየቀኝ፤ ሌላ ደንበኛ ገባ።

እውነቱን ነው። ቀዳዳውን ባለማወቄ የተቃጠለው ሮከር ነበር፤ ሮከር ተገዝቶ ይተካል። አለማወቁንም በጊዜው ተማርኩት፣ ዛሬ ለሌሎች አስተምርበታለሁ። ለኑሩ ግን አባቱ የሰጡት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ያን ዓመት የወሰድኩበት እያወቅሁ፣ ትኩስ በቆሎ በእጄ ይዤ፣ "አያስፈልግም" ባልኳት አንድ ቃል ነው።